ምዕራፍ 6፦ ቀድሞ የሚሞተው የቱ ነው?

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በአንዱ ውስጥ ነበርኩ። ሻጩ ልጅ እግር ነው፤ ዕቃውንም ያውቀዋል። አንዲት ጥቁር ሳጥን ከመደርደሪያው አውርዶ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ "ጋሼ፣ ይቺ ኮር አይ ሰቨን ናት። ራሟ 16 ነው። ስላይትሊ ዩዝድ፤ ከዱባይ የገባች፤ ምንም አልተነካችም" አለኝ። የእኔ ዓይን ግን ሳጥኗን አልፎ አጠገቧ የተጠቀለለው ገመድ ላይ አረፈ። "አዳፕተሩ የራሷ ነው?" አልኩት። ሳቀ። "አዳፕተርማ ሞልቷል፤ የፈለጉትን እሰጥዎታለሁ።"

አልፈረድኩበትም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያው እስቅ ነበር። ኮምፒውተር ስንገዛ የምንጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሻጭም የሚነግረን እሱኑ ነው። ፕሮሰሰር ግን ከሞላ ጎደል አይሞትም። ሌት ተቀን ቤት ውስጥ በሚሠራ ሰርቨር ተራ በተራ የሚሞቱት ማንም ስማቸውን የማይጠራቸው ናቸው፤ አዳፕተሩ፣ ፋኑ፣ ዲስኩ፣ ከሳንቲም የማትበልጥ አንዲት ባትሪ። ስለዚህ ዕድሜ ያለው ማሽን የሚፈልግ ሰው ሁለት ጥያቄ ይዞ ሱቅ ይግባ፦ ከዚህ ዕቃ ውስጥ ቀድሞ የሚሞተው የቱ ነው? ሲሞትስ ምትኩን እዚሁ ከተማ አገኛለሁ?

መጀመሪያ ግን የቆጣሪውን ጉዳይ እንጨርስ። ሰርቨር አይተኛም። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ 10 ዋት የምትወስድ ማሽን በዓመት 87.6 ኪሎዋት ሰዓት ትቆጥራለች፤ 100 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ ደግሞ 876። በወር ሲመነዘር 7.2 እና 72 ገደማ ነው። የእኛ አገር የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል፤ የመጀመሪያው እርከን የሚያበቃው በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ነው። ያ አሮጌ ዴስክቶፕ እንግዲህ ምጣድ ሳይጣድ፣ አምፖል ሳይበራ፣ ለብቻው የመጀመሪያውን እርከን ዘልሎ ያልፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ቁጥር አለች። ኮር አይ ፋይቭ 6500ቲ የሚባለው ፕሮሰሰር ወረቀቱ ላይ "35 ዋት" ይላል። ሰው ይህን አይቶ "ሁልጊዜ 35 ዋት ይበላል" ብሎ ይሸሻል። ቁጥሩ የሚናገረው ፕሮሰሰሩ በሥራ ሲወጠር ማቀዝቀዣው ማስወገድ ያለበትን የሙቀት ልክ ነው። የቤት ሰርቨር ደግሞ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። በዚህ ፕሮሰሰር የምትሠራ ትንሽ ማሽን ማንም ሳይጠራት ስትቀመጥ 10 ዋት ገደማ ብቻ ትወስዳለች። ስለዚህ ወረቀቱን ትታችሁ በእጃችሁ ለኩት።

መለኪያ ከሌላችሁ ቆጣሪያችሁ አለ። ብዙዎቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለቻቸው፤ አጠገቧም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት። ፍሪጁን፣ ራውተሩን፣ ሁሉን ነቃቅላችሁ ሰርቨሩን ብቻ ተዉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ6 ደቂቃ አንዴ ብልጭ ካለች 10 ዋት ነው፤ በ36 ሴኮንድ አንዴ ካለች 100። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቆጣሪው ሥር በርጩማ ስቤ ስቆጥር ጎረቤቴ ቆም ብሎ፣ "ካርድ አልቆብህ ነው እንዴ?" ብሎ አዝኖልኛል።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ፤ ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው።

ራስፕበሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ሲወጣ የብዙዎቻችንን ልብ ወስዶ ነበር። የኤሌክትሪክ ፍጆታው ኢምንት ነው፤ ለመማሪያ ወደር የለውም። ብዙ ሰው የሚያስነሳው ግን ከስልክ ሜሞሪ ካርድ ነው፤ ሜሞሪ ካርድ ደግሞ ፎቶ ተነስቶበት እንዲቀመጥ እንጂ ሰርቨር በየደቂቃው ማስታወሻ እንዲጽፍበት አልተሠራም። ካርዱን በኤስኤስዲ ተክቶ፣ ደህና አዳፕተር፣ ቤትና ማቀዝቀዣ ጨምሮ ሲደመር ዋጋው ከአንድ ደህና ያገለገለ ሚኒ ኮምፒውተር ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የመጣው ኢንቴል ኤን100 ነው። አራት ኮር፣ በወረቀት 6 ዋት። ፕሮሰሰሩን እወደዋለሁ። የማልወደው ብዙውን ጊዜ የሚቀመጥበትን ሳጥን ነው። በየወሩ ስሙን የሚቀይር ሻጭ የሠራው፣ ፋኑ ሲሞት ልኩ የማይገኝ፣ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ተሠርቶ የቀረ፣ አዳፕተሩ ላይ የፋብሪካ ስም የሌለው ሳጥን ይበዛል። ከታወቀ ኩባንያ ካገኛችሁት ግን ያለ ሐሳብ ውሰዱ።

ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት ማሽን ነው፦ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ። ሦስቱም ከወፍራም መጽሐፍ አይበልጡም፤ ይዘታቸው አንድ ሊትር ገደማ ነው። የውጭ አገር ባንኮችና ድርጅቶች በገፍ ገዝተው ጥቂት ዓመታት ይሠሩባቸውና በጅምላ ያስወጧቸዋል፤ ከዚያ በዱባይ በኩል ዞረው የእኛ መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። ቶሎ የሚያልቁ ክፍሎቻቸው ያለብዙ ትግል ይወልቃሉ፤ መፍቻ መመሪያቸው በነጻ ይገኛል፤ ራማቸውና ዲስካቸው የላፕቶፕ ራምና ዲስክ ስለሆነ ሌላ ሱቅ ተሻግሮ መግዛት ይቻላል። የእኔ ምርጫ እነዚህ ናቸው።

"ያገለገለ እንዴት ከአዲስ ይበልጣል?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ አንድ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንቴል አቶም ሲ2000 የተባለ የፕሮሰሰር ቤተሰብ አወጣ። ትንሽ ኤሌክትሪክ እየወሰዱ ለዓመታት ሳይጠፉ ለሚሠሩ ሰርቨሮችና የኔትወርክ ዕቃዎች ታስቦ የተሠራ ነው፤ እኛ አሁን የምንፈልገው ዓይነት ማለት ነው። ሲኖሎጂን የመሳሰሉ የቤት ማከማቻ አምራቾችም ወሰዱት። ሦስት ዓመት ከምናምን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ኢንቴል በስህተቶች መዝገቡ ውስጥ አንዲት አጭር ነገር ጨመረ፤ ማሽኑ "ላይነሳ ወይም ሥራውን ሊያቆም ይችላል" የምትል። በዚያው ሰሞን ሲስኮ በአንዳንድ ምርቶቹ ውስጥ ያለ፣ የሰዓት ምልክት የሚያመነጭ ክፍል ከጊዜ ጋር እንደሚደክም፣ ብልሽቱም ማሽኑ 18 ወር ገደማ ከሠራ በኋላ ሊጀምር እንደሚችል ለደንበኞቹ አስታወቀ። አስቡት፤ ቺፑ ሲገዛ ጤነኛ ነው፤ ሲፈተሽ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለ ዕረፍት መሥራቱ ነው። ለዚያው ሥራ የተፈጠረ ዕቃ በዚያው ሥራ ይሞታል። በሶፍትዌር የሚታከም አልነበረም፤ ኢንቴል ቺፑን ራሱን አርሞ እንደገና ማውጣት ነበረበት።

ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው። ትናንት የወጣ ሞዴል በሽታው ገና አልታወቀም፤ የሚያውቁት ገዢዎቹ ናቸው፤ እነሱም የሚያውቁት ከ18 ወር በኋላ ነው። ስድስት ዓመት በየቢሮው የሠራ ሞዴል ግን በሽታው ተለይቷል፤ መድኃኒቱም ተጽፏል። ትልቅ ስም ብቻውን ዋስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ድረስ ዴል የሸጣቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርዳቸው ላይ የነበሩት ካፓሲተሮች እያበጡና እያፈሰሱ ተበላሽተዋል። የዚያን ዘመን ማሽን ከፍቶ ያየ ጠጋኝ ሁሉ ያስታውሳቸዋል፤ ትንንሽ በርሜሎች፣ ራሳቸው እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ያለ።

ካፓሲተርን ካነሳን አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ የአዳፕተሩ ሚስጥር ያለው እዚህ ነውና። በርሜሉ ውስጥ ፈሳሽ አለ። ሙቀት ፈሳሹን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። አምራቾች ዕድሜውን የሚጽፉት በከፍተኛ ሙቀት ተለክቶ ነው፤ ለምሳሌ "በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት" ይላል። 2,000 ሰዓት ሦስት ወር አይሞላም። ነገር ግን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ያድጋል ተብሎ ይሰላል። በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል። በ45 ዲግሪ 128,000 ሰዓት፤ ከ14 ዓመት በላይ። ያው ካፓሲተር፣ ያው ዋጋ፤ ልዩነቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ለዚህ ነው አዳፕተሩን ቀድሜ የማየው። የማሽኑ የራሱ የሆነ፣ 65 ወይም 90 ዋት የሚል አዳፕተር 10 ዋት ብቻ ሲጠየቅ ለብ እንኳ አይል። ጠፍጣፋ፣ ቀላል፣ ሲያነሱት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ፎርጅድ አዳፕተር ግን በዚያው 10 ዋት ሊግል ይችላል። ሱቅ ውስጥ ማሽኑን ለሩብ ሰዓት አስበሩና አዳፕተሩን በእጃችሁ ዳብሱት። ያለ ምክንያት ከጋለ ተዉት።

ፋን ሌላው ሟች ነው። ማሽኑን ስታበሩ ጆሮአችሁን አስጠጉ፤ ጤነኛ ፋን ይነፍሳል፤ የታመመ ፋን ይንሾካሾካል፣ ይፈጫል። አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ ፋን በአንድ ዙር የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይካካሳል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላለ ሰው ግን ቀዝቃዛ አየር የለም፤ እሱ ሳጥኑን ከግድግዳ ራቅ፣ ከወለል ከፍ አድርጎ አየር በሚያልፍበት ያስቀምጥ። ሁላችሁም ግን እባካችሁ፣ ሰርቨሩን ቡፌ ውስጥ ቆልፋችሁ ላዩን ዳንቴል አታልብሱት። ዳንቴሉ ያምራል፤ ሰርቨሩ ግን ከሥሩ ይታፈናል።

ወደ ዲስኩ እንምጣ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ሞት የሱ ነው፤ አዳፕተር ሲሞት አዳፕተር ነው የሚሞተው፤ ዲስክ ሲሞት የልጅ ክርስትና ፎቶ ይዞ ይሄዳል።

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለብዙ ፊልምና ለመጠባበቂያ ቅጂ ርካሽ ነው። እጅግ ብዙ ሃርድ ዲስክ የሚያስተዳድረው ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያወጣው መዝገብ ውስጥ በዓመት የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ናቸው። ትንሽ ይመስላል፤ ያቺ አንዷ የእናንተ እስክትሆን። ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል ብላችሁም አትመኩ። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጠው የጤና መዝገቡ ላይ አንዲት የስህተት ምልክት ሳያሳይ ነው የሞተው። በተቃራኒው ምልክት ካሳየ ቀልድ የለም፤ በዚያው ጥናት የመጀመሪያ የንባብ ስህተቱን ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። ያገለገለ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ መዝገቡን ሳታዩ ብር አታውጡ፤ ስማርትሞንቱልስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደበራና ስንት የተበላሸ ቦታ በምትክ እንደሸፈነ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለደጋ ሰው። የሃርድ ዲስክ ራስ ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ትራስ ላይ ነው። አየሩ ከሳሳ ትራሱ ይሳሳል። ስለዚህም ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል። አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም ከዚህ በታች ናቸው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ቤት የሠራ ወዳጅ ካላችሁ ግን ኤስኤስዲ ይግዛ።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ፍጆታውም ሥራ ሲፈታ አንድ ዋት አይሞላም። ሰው የሚፈራው "ተጽፎበት ያልቃል" የሚለውን ነው። ስሌቱን እንሥራ፤ የሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋባይቱ 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ዋስትና አለው። አንድ ቤተሰብ በቀን 20 ጊጋባይት ቢጽፍበት፣ ይህም ብዙ ነው፣ 300 ቴራባይት የሚሞላው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ኤስኤስዲን በእኛ ሰፈር የሚገድለው ሌላ ነው፤ እየጻፈ ሳለ መብራት መሄዱ። ለድርጅት ሰርቨር የተሠሩት ኤስኤስዲዎች ሆዳቸው ውስጥ ተጨማሪ ካፓሲተር ይዘዋል፤ መብራት ሲቋረጥ በእጃቸው የቀረውን ጽፈው እስኪጨርሱ የምትበቃ ጉልበት አላቸው። ከዳታ ማዕከል የወጣ፣ ጥቂት ዓመት የሠራ እንዲህ ያለ ዲስክ ካገኛችሁ ከአዲስ ርካሽ ዲስክ አስበልጡት።

ርካሹን በተመለከተ አንድ ቃል፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። "4 ቴራባይት" ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚገኘው አንዲት ሜሞሪ ካርድ ናት። ኮምፒውተሩን ዋሽቶ 4 ቴራ ነኝ ይላል፤ ቦታው ሲያልቅም መቀበሉን አያቆምም፤ የምትሰጡትን ይውጣል፣ አይመልስም። ኤፍ3 የተባለ ፕሮግራም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ በማንበብ ውሸታሙን ያጋልጣል። ፎቶአችሁን ከመጫናችሁ በፊት ይሁን።

የመብራቱ ነገር ከመጣ ዩፒኤስ የግድ ነው። አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት። ማሽናችሁና ራውተራችሁ አንድ ላይ 20 ዋት ከወሰዱ በስሌት አራት ሰዓት ይደርሳል፤ በተግባር ዩፒኤሱ ራሱም ስለሚበላ ግማሹን ካገኛችሁ አመስግኑ። ፍጆታ ዝቅተኛ የመሆኑ ትልቁ ጥቅም ከቢሉ ይልቅ እዚህ ይታያል፤ 100 ዋት የሚወስደው ዴስክቶፕ በዚሁ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ዕቃ የሚያቃጥለው ግን ብዙ ጊዜ የመብራት መሄድ ሳይሆን የአመጣጡ ነገር ነው። መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ስታቢላይዘር ከፍሪጁ አልፎ ለሰርቨሩም ይሁን።

አሮጌ ላፕቶፕስ? ባትሪው ዩፒኤስ ይሆንልኛል የሚል ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ሞክሬዋለሁም። ግን ዓመት ሙሉ መቶ በመቶ ሞልቶ የሚቀመጥ የላፕቶፕ ባትሪ ያብጣል። ቻርጁን 60 ወይም 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ቅንብር ከሌለው አትሞክሩት።

የመጨረሻው ሟች ትንሹ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሰቃየኝ እሱ ነው። ባዮስ ውስጥ "መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሳ" የሚል ምርጫ አለ። ሰርቨር ለሚሆን ማሽን ይህ ምርጫ የግድ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ገመዱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ ቁልፍ ሳትነኩ መነሳቱን እዩ። የእኔ ማሽን ይነሳ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ችግር ተነስቷል። አንድ ጊዜ ለሥራ ሐዋሳ ሳለሁ ሰርቨሩ ጠፋብኝ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ያለችው ጥቁር ሳጥን በርታለች?"

"በርታለች፤ መብራቷ ይታየኛል።"

"እስቲ ከሷ የሚወጣውን ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኪልኝ።"

ትንሽ ቆየች። "ጥቁር ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አለ። እኔ የማነበው ኤፍ እና አንድ የሚለውን ብቻ ነው።"

ገባኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። እሷ ስታልቅ፣ ዩፒኤሱም ባትሪው ተሟጦ ሁሉም ሲጠፋ፣ ማሽኑ ሰዓቱንም ምርጫውንም ረስቶ ይነሳና "ኤፍ አንድን ተጫኑ" ብሎ ይቀመጣል። ኪቦርድ ደግሞ ቤት ውስጥ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ደህና፣ ዲስኩ ደህና፣ አዳፕተሩ ደህና፤ እኔ እስክመለስ አራት ቀን በዚያው ጽሑፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

አሁን ያገለገለ ማሽን ስገዛ ከሱቅ ሳልወጣ ያቺን ባትሪ አስቀይራለሁ፤ ቀኑንም በእስክሪብቶ ሳጥኑ ሆድ ላይ እጽፋለሁ። ቤት ያለችው "ጥቅምት 2016" ትላለች።